ፓርኪንሰን ከያዘኝ በኋላ ቶርኖ ተማርኩ

ወተቱ ገንፍሎ ሲያርር እኔ እዚያው ማድቤት ውስጥ ተቀምጬ ፈተና እያረምኩ ነበር። ባለቤቴ ጳውሎስ «ኧረ ቤቱ ሊቃጠል ነው!» እያለ ከግቢ ሮጦ ገባና ድስቱን በጨርቅ ይዞ አወጣው። ጭሱ ዓይኔን አቃጥሎኛል፤ ሽታው ግን ጨርሶ አልመጣልኝም። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኩት። ጉንፋን አልያዘኝም ነበር። ያን ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የበዛበት፣ ጎረቤት የሚያስነጥስ የቃሪያ ዳጣ ስፈጭ እንኳ ምንም አይሸተኝም ነበር። ሁለታችንም ሳቅንና ረሳነው።

ታሪኬን ከወተቱ የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ይህ ሕመም ሲጀምር ሕመም አይመስልም። የእኔን ዓይነት ምልክት እያየ «ድካም ነው፣ እርጅና ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ወይም የበሽታውን ስም ሰምቶ ሁሉ ነገር ያበቃለት የመሰለው ካለ፣ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እለምናለሁ።

ማርታ እባላለሁ። ወላይታ ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ፣ እዚሁ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ጳውሎስ እንጨት ሠሪ ነው። ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከግቢያችን ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቶርኖ አለው። ማሽኑ እንጨቱን ያሽከረክረዋል፤ ሠሪው መሮ እያስጠጋ ይጠርበውና ክብ ቅርጽ ያወጣለታል። የአልጋ እግር፣ የሶፋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። አንዲት ልጅ አለችን። ሊዲያ ትባላለች፤ ሐዋሳ ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው።

ከወተቱ ቀጥሎ የመጣው የሰሌዳው ነገር ነው። አንድ ቀን እየጻፍኩ ሳለ ከኋላ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ አይታየንም» አለችኝ። «መነጽር ግዢ» ብዬ ቀለድኩባት። ውሎ አድሮ ሌሎቹም «ቲቸር፣ መጨረሻው ላይ ጉንዳን ይሆናል» ማለት ጀመሩ። ጠመኔውን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄድኩና ዞሬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ መስመር ሲጀምር ትልቅ ነው፤ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጫፉ ላይ ነጠብጣብ መስሏል። ስጽፈው ግን ሁሉም እኩል ይመስለኝ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቼ ስሜን ወረቀት ላይ ደጋግሜ ጻፍኩት። የመጨረሻው «ማርታ» በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይነበብም።

ከዚያ ድምፄ ሄደ። እየጮህኩ ያስተማርኩ ይመስለኛል፤ የፊተኛው ወንበር ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ደግሞ ፊቴ። ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ የሚዘምሩ እህቶች «ማርታ፣ ምን አስቀየምንሽ?» ይሉኝ ጀመር። ሊዲያ ከሐዋሳ መጥታ የሥራ ዕድገት ማግኘቷን ስትነግረኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። እሷ ግን ትንሽ አየት አደረገችኝና ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ እያለቀሰች ነው።

«እማዬ፣ ትንሽ እንኳ ደስ አይልሽም?»

«ደስ ብሎኛል እኮ ልጄ!»

«ታዲያ ፊትሽ ለምን እንደዚህ ይሆናል?»

መስታወት ፊት ቆምኩ። ያየሁት የተቆጣ ሰው ፊት ነው። ፈገግ ለማለት ሞከርኩ፤ ዘግይቶ፣ በግድ፣ አንዱ ጎኑ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ያን ቀን ነው መጀመሪያ የፈራሁት።

ቀኝ ትከሻዬንም ሕመም ስለጀመረኝ ወደ ክሊኒክ መመላለስ ጀመርን። የመጀመሪያው ቦታ ደም ሰጠሁና «ታይፎይድ ነው» ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ የቀኝ ትከሻዬ ሕመም ግን ባሰ። ሁለተኛው ቦታ «ቁርጥማት ነው» ብለው ትከሻዬን ወጉኝ። ሦስተኛው ቦታ ያለው ሰው ፊቴን አይቶ «ድብርት ነው» አለና የሚያረጋጋ ያለውን ክኒን ሰጠኝ። ያ ክኒን እንደ ጣውላ አደረቀኝ። ከአልጋ ለመነሳት ጳውሎስ በሁለት እጁ ይጎትተኝ ጀመር። እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበትን ሰው ይበልጥ የሚያደርቁ መድኃኒቶች እንዳሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። አሁን የትም ብሄድ፣ ለማቅለሽለሽ የሚሆን ቀላል ክኒን እንኳ ሲታዘዝልኝ፣ «ፓርኪንሰን አለብኝ፣ ይስማማኛል?» ብዬ ሳልጠይቅ አልውጥም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከጽሑፌ ብትወስዱ ይበቃኛል።

ወጪው ቀላል አልነበረም። ጣሪያውን ልናድስበት ያስቀመጥነው ሁሉ ሄደ፤ ጣሪያችን እስከ ዛሬ ክረምት ላይ ያፈሳል። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «መንፈስ ነው» ማለታቸው ጳውሎስ ጆሮ ደረሰና ከአንዱ ዘመዳችን ጋር ተጣላ። ፓስተራችን ቤት መጥተው፣ ጸልየውልኝ ሲያበቁ፣ «ጸሎቱንም ሕክምናውንም አትተዉ። አንዱ ለሌላው ጠላት አይደለም» አሉን። ያ ቃል ቤታችንን አሳረፈው።

ኦቶና ሆስፒታል የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አሮጊት እናቷን ይዛ ከአረካ የመጣች ናት። ብርቱካን አውጥታ ለእናቷ ስትልጥ ለእኔም አንድ ሰጠችኝ። ልልጠው ብሞክር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ከእጄ ወሰደችና ልጣ፣ ዘለላውን ለያይታ መሐረብ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ገላታይስ» አልኳት በእኛው ቋንቋ፤ አመሰግናለሁ ማለቴ ነው። «ሁላችንም ተረኛ ነን እኮ» አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ ስጸልይ «ያቺ ብርቱካን የላጠችልኝ» እያልኩ ነው የማነሳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ወላይትኛ በመልመድ ላይ ያለ ልጅ። «ሳሮ!» ብሎ ሰላም ሲለኝ አነጋገሩ አሳቀኝ፤ ማለቴ በውስጤ። ትከሻዬን አልነካም። «መምህርት፣ እስቲ እስከዚያ መስኮት ይሂዱና ይመለሱ» አለኝ። ሄጄ ተመለስኩ።

«ሲሄዱ ግራ እጅዎ ይወዛወዛል። ቀኝ እጅዎ ግን ከጎንዎ ተጣብቆ ቀርቷል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጳውሎስና እኔ ተያየን። ሁለታችንም አላየነውም ነበር። ከዚያ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ቶሎ ቶሎ እንዳጋጥም ጠየቀኝ፣ ወረቀት ሰጥቶ አጻፈኝ፣ ስለ ማሽተት ጠየቀኝ። የወተቱን ነገር ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የጠረጠርኩት ነገር አለ» አለ፤ «ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ሳልሆን ደግሞ ሌላ ክኒን አልጨምርብዎትም። ያን የሚያረጋጋ የተባለውን እኔ በምነግርዎት መንገድ ያቁሙት። አዲስ አበባ የነርቭ ስፔሻሊስት ጋ እጽፍልዎታለሁ።» አላውቅም ለማለት ያላፈረ ሐኪም ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርከው።

አዲስ አበባ ያየችኝ ሐኪም ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ወስዳ መረመረችኝና «ፓርኪንሰን ነው» አለች። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል፣ እንቅስቃሴን የሚያሳልጥ ንጥረ ነገር እንዳለ፣ እሱን የሚያመርቱት ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱብኝ እንደሆነ አስረዳችኝ። ሥርዓተ ነርቭን ለስንት ክፍል ተማሪ ያስተማርኩ ሴት እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

«ይድናል?» አላት ጳውሎስ።

«አይድንም። ግን ይታከማል። መድኃኒቱ የጎደለውን ይተካል። የሚቀጥሉት ዓመታት እንዴት እንደሚሆኑ ከመድኃኒቱ ሌላ እርስዎም ይወስናሉ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ይንቀሳቀሱ። እጅዎን ሥራ አያስፈቱት።»

ሊቮዶፓ የሚባለውን ክኒን ጀመርኩ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አርፈን በነበረበት ጊዜ፣ ክኒኑን ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት የሹራቤን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፍኩ። ስጨርስ ነው የገባኝ። «ጳውሎስ፣ እየው!» አልኩት። አየ። ቶሎ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ «አዲስ አበባ አቧራ ነው» አለኝ።

መድኃኒቱን ሶዶ ማግኘት አንዳንዴ ይቸግራል። ሊዲያ ሐዋሳ ትፈልግና በሚኒባስ ሹፌር እጅ ትልክልናለች። ከሹፌሮቹ አንዱማ መድኃኒቱን ይዞ መነኸሪያ አያስጠብቀንም፤ እግረ መንገዱን የጳውሎስ ቆርቆሮ ቤት በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። ክኒኑ ከሥጋና ከመሳሰሉት ጋር ሲወሰድ በደንብ አይሠራም፤ ከምግብ ቀደም ብሎ፣ በሰዓቱ መዋጥ አለበት። ሥጋ ለሚወድ የወላይታ ሰው ይህ ራሱ አንድ ፈተና ነው። በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው።

ቀኝ እጄም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሰሌዳ ፊት መቆም ስላልቻልኩ በሕመም ጡረታ ወጣሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያ ጊዜ ከበደኝ። ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ያዘኝ። ውሃ ልቅዳ ስል «አንቺ ተቀመጪ»፣ ልጥረግ ስል «አንቺ ተቀመጪ»። ከሁሉ የከፋው ጳውሎስ ነው። ጳውሎስን የሚያውቁ ሁሉ የሚያውቁት በጩኸቱ ነው። ጨው ቢበዛ ይጮሃል፣ ኳስ ቢሸነፍ ይጮሃል፣ ሲደሰት ደግሞ የበለጠ ይጮሃል። ከአዲስ አበባ ከተመለስን ጀምሮ ግን ድምፁ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝቅ አለ። ምሽት ላይ አልጋ ውስጥ ጎኔን ለመቀየር ስታገል ትንፋሹን ይዞ እንደሚያዳምጠኝ ይሰማኛል። እኔ የተኛሁ እመስላለሁ፤ እሱም የተኛ ይመስላል። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነገር እየፈራን አንዳችን ለሌላው አንናገርም ነበር።

ቤት መቀመጡ ሲመረኝ ቀን ቀን እሱ የሚሠራበት ቆርቆሮ ቤት እየሄድኩ ወንበር ላይ መዋል ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ በሩ አላስገባ ይለኝ ነበር። ሜዳ ላይ በደንብ የምሄደው ሴት ደፉ ጋ ስደርስ እግሬ መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚህ ሕመም ጋር የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ቀን ጳውሎስ የሰነጠቃቸውን ቀጫጭን ጣውላዎች በሩ ላይ ደርድሮ ትቷቸዋል። እኔ ደግሞ እንዳልረግጥበት ብዬ እየተሻገርኳቸው ዝም ብዬ ገባሁ። እሱ መሮ እንደያዘ ቀረ።

«አሁን እንዴት ገባሽ?»

«እንጃ። ጣውላህን እየዘለልኩ ነዋ።»

«ውጪና እንደገና ግቢ።»

ወጣሁና ገባሁ። እግሬ የሚሻገረው ነገር ካገኘ ይነሳል። በነጋታው ጳውሎስ ነጭ ቀለም ገዝቶ የቤቱ በር ሁሉ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱም ጭምር፣ መስመር መስመር አሰመረ። ሐኪሟም በኋላ ስንነግራት ብዙ ታማሚዎችን እንደሚረዳ ነገረችን።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቶርኖውን ሳይ እውላለሁ። ሻካራው፣ ቅርፊት ያለበት እንጨት ሲሽከረከር፣ መሮው ሲነካው፣ ረጅም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወድቅ። መጀመሪያ ሰጋቱራ መጥረግ ጀመርኩ። ከዚያ ያለቀውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። አንድ ቀን፣ ክኒኑ በደንብ በሠራልኝ ሰዓት፣ «ጳውሎስ፣ እኔም ልሞክር» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቶርኖውን።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ማርታ፣ ቀልድ አይደለም። እኔ ራሴ እዚህ ጣቴ ላይ ጠባሳ አለኝ።»

«አንተ ጠባሳ ይዘህ ትሠራለህ። እኔስ?»

«አንቺማ...»

«እኔማ ምን?»

«እጅሽ!»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ይንቀጠቀጣላ!» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ። ከታመምኩ ጀምሮ ያን ቃል ፊቴ ላይ ብሎት አያውቅም። ማሽኑን አጥፍቶ ወጣ። ለቀናት ያህል ከ«ክኒንሽን ዋጥሽ?» በቀር አልተነጋገርንም። እኔ የተናደድኩት ስለከለከለኝ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ሊቀብረኝ ሲዘጋጅ በሕይወት እንዳለሁ ማስረዳት ያቃተኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ መሮው ተመልሶ ፊቴን ሲመታኝ በሕልሙ እያየ ነበር።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። የዳኘችን ሐኪሟ ናት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ጳውሎስ ቀድሞ «ዶክተር፣ እባክሽ ይህችን ሴት ከልክያት» አላት። እሷ ግን ስለ ማሽኑ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ እጅ የት እንደሚያርፍ ጠየቀችው። ከዚያ የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ የሚበዛው እጅ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እንደሆነ፣ ሲይዝና ሲሠራ ብዙ ጊዜ እንደሚቀንስ አስረዳችን። «የሚያሰጋኝ መንቀጥቀጡ ሳይሆን ሚዛኗ ነው። መውደቅ። መድኃኒቱ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ በድንገት መድረቅ አለ። ብቻዋን አትሠራም። መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ብቻ። በዝግታ። ማሽኑን በአንድ ንክኪ ማቆም መቻል አለባት። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ይቅርባችሁ።»

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ጳውሎስ በጣቱ ጉልበቱ ላይ የሆነ ነገር ሲስል መጣ። ሶዶ ልንገባ ስንል ዳሞታ ተራራ ደመና ለብሶ ሲታየን «ማብሪያ ማጥፊያውን ጉልበትሽ ጋ ባወርደውስ?» አለኝ። ያ የእሱ እሺታ ነበር።

የማሽኑን ፍጥነት ቀነሰ። ጉልበቴ ሲገፋው ማሽኑን የሚያጠፋ ሰፊ ጣውላ ሠራ። የመሮውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ አወፈረልኝ። ከጀርባዬ የምደገፈው አግዳሚ ተከለ። የፊት መከለያ ገዛ። ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተፈታ ጸጉር አይገባም አለ። እንደ ጥብቅ ርዕሰ መምህር ሆነብኝ።

የመጀመሪያ እንጨቴ ግራቪሊያ ነበር፤ ርካሽ ስለሆነ ቢበላሽም አይቆጭም። መሮውን ማሳረፊያው ብረት ላይ አስደግፌ ቀስ ብዬ አስጠጋሁት። ጳውሎስ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው። «በጣትሽ አትግፊ። በወገብሽ ሂጂ። እግርሽ ላይ ሆነሽ ወዲያና ወዲህ በይ» አለኝ። ወዲያና ወዲህ አልኩ። ፍቅፋቂው መውደቅ ጀመረ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ቀና ብዬ እጄን ሳየው ጸጥ ብሏል። እዚያ ብረት ላይ ተደግፎ፣ ሥራ ይዞ፣ እንደማንኛውም ሰው እጅ።

እውነቱን ልናገር፦ ተአምር አይደለም። መሮውን ሳስቀምጠው እጄ ተመልሶ ይንቀጠቀጣል። ክኒኑ ሳይሠራ የሚቀርባቸው ቀኖች አሉ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ አጠገብ አልደርስም፣ ቁጭ ብዬ አለሰልሳለሁ፣ እሱንም ካልቻልኩ እተኛለሁ። አንዴ ወድቄ ጉልበቴን ተጎድቻለሁ፤ ከቶርኖው ሳይሆን ከአልጋዬ ስነሳ። ግን ጠዋት ስነቃ የምሄድበት ቦታ አለኝ። ለጡረተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሊጥ መዳመጫ፣ የሙቀጫ ዘነዘና፣ ትናንሽ ገበቴ ሠራሁ። ከዚያ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ያ የእኛ የአዲስ ዓመት በዓል ነው፣ ሥጋ ቤት ያለው አቶ ባልቻ መጣ። የዳጣ ማቅረቢያ ትናንሽ የእንጨት ጽዋዎች ፈልጎ ነው፤ ለበዓሉ ጠረጴዛ ሁሉ ላይ ሊያስቀምጥ።

«እኔ የደረጃ ሥራ ይዣለሁ። ማርታ ትሠራልሃለች» አለው ጳውሎስ።

አቶ ባልቻ ወደ እኔ አየ፣ ወደ እጄም አየ። «ማርታ... ታማ የለም እንዴ?»

«ታምሜያለሁ» አልኩት። «ጽዋውን ግን እሠራለሁ። ካልወደድከው አትወስድም።»

አቶ ባልቻ የመረጠው ዋንዛ እንጨት ነው። ጳውሎስ ለጥሩ ሥራ ብሎ ለረጅም ጊዜ ያደረቀው ዋንዛ ነበረው፤ ከዱቦ አካባቢ ካለ ገበሬ የገዛው። በልኩ ቆራርጦ ሰጠኝ። መሥራት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ጥሩ ወጡ። እኔም ደፈር አልኩ። አንዱን ሆዱን ስቦረቡር መሮውን አለቅጥ አጋድሜ ገፋሁት። ነከሰው። ጯ! አለና ጽዋው ለሁለት ተሰንጥቆ ግድግዳውን መታ። ጉልበቴ ማሽኑን አጠፋው። እኔ ምንም አልሆንኩም።

ጳውሎስ ከውጭ ሮጦ ገባ። መጀመሪያ ፊቴን፣ እጄን አየ። ደህና መሆኔን ሲያረጋግጥ መሬት ላይ ያለውን ዋንዛ አየ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። «መሮውን እንደዚህ አታጋድሚ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ? ስንቴ? ዋንዛ እኮ ነው! ዋንዛ ከየት ይመጣል? ዓይንሽ የት ሄዶ ነው? ተማሪዎችሽን እንዲህ ነው ያስተማርሽው?»

መንገድ ላይ የነበረ ባጃጅ ቆሞ አየን። ጳውሎስ ድምፁን ራሱ ሰማውና አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ... ማርታዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል!» አልኩት። «ይቅርታ አትበለኝ። ጩኽ!»

ከዚያ ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ስንት ወር ሙሉ በሹክሹክታ ሲያናግረኝ የኖረ ሰው እንደ ሠራተኛ ቆጥሮ ጮኸብኝ። ላብራራለት ስሞክር እሱም ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። «ፈርቼ ነበር» አለኝ። «እንደምትሞቺብኝ ነበር የማስበው። በየቀኑ።» «እኔም ፈርቻለሁ» አልኩት። በየሌሊቱ ተኝተን የተደባበቅነውን ነገር ሰጋቱራ መሐል ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

ጽዋዎቹ ለበዓሉ ደረሱ። በጊፋታ ማግስት አቶ ባልቻ ጋ ሄድን። ክኒኔን ቀድሜ ውጬ ስለነበር ሥጋውን በሰዓቴ ነው የቀመስኩት። ቤቱ ሞልቷል። የማላውቃቸው ሰዎች ሥጋ እየቆረጡ ጽዋዎቼ ውስጥ ያለው ዳጣ ላይ ይነክራሉ። ማን እንደሠራው የጠየቀ የለም፤ ስለ እኔ ሕመም የሚያውቅም የለም። አንዱ ጽዋ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ቂጡን በደንብ አላስተካከልኩትም። አቶ ባልቻ መጥቶ «ይሄ አንዱ ይደንሳል» አለኝ። «አምጣው፣ አስተካክልልሃለሁ» አልኩት። «የለም፣ ተወው፣ ሰው ወዶታል። ይልቅ ሌላ ጨምሪልኝ።»

ሊዲያ ከሐዋሳ ስትመጣ አሁን ፊቴን አትጠይቀኝም። «እማዬ፣ ደስ ሲልሽ ንገሪኝ» ብላኝ ተስማምተናል። ደስ ሲለኝ እነግራታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ነው የምነግራት።

ለታመማችሁ፦ ምልክቱን አትናቁ፣ ትክክለኛ ሐኪም እስክታገኙ አትቁሙ፣ ክኒናችሁን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ቶርኖ ላይ ቁሙ አልላችሁም፤ ለእኔ የሆነው ለሁሉ አይሆንም፣ አደጋም አለው። ግን እጃችሁ የሚወደውን ሥራ ፈልጉለት፤ ሊጥ ማቡካትም፣ ችግኝ መትከልም ይሁን። ለምትንከባከቡ፦ ታማሚያችሁን ውደዱ፣ ጠብቁ፣ ግን ዋንዛ ሲያበላሽ ጩኹበት።

እኔ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ያን ወጣት ሐኪም፣ አዲስ አበባ ያለችውን ሐኪሜን፣ ሹፌሩን፣ ከአረካ የመጣችውን ሴት አመሰግናለሁ። በሽታው አልሄደም፤ እንደማይሄድም አውቃለሁ። ነገ ከዛሬ ሊከብድ ይችላል። ዛሬ ግን ዛሬ ነው።

ይህን የጻፍኩት መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ስልኬ ላይ፣ በአንድ ጣት ነው። ስለዚህ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። አሁን ክኒኔ መሥራት ጀምሯል፤ እጄ ላላ ብሏል። ጳውሎስ ደግሞ ከቆርቆሮው ቤት እየጮኸ ነው።

«መምህርት! መብራት መጥቷል፣ ነይ እንጂ!»

መሄዴ ነው።